ሁለት ጣት

አክሊሉ የከተማ መግቢያ ታፔላ ሳያነብ አልፎ አያውቅም። ሰው የከተማውን ስም ያነባል፤ እሱ ከስሙ በታች ያለውን ቁጥር ነው የሚያነበው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለእሱ ብለው ያደረጉት ይመስል፣ በየከተማው መግቢያ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ጫማ እንደሆነ ይጻፋል። ሳን ሆዜ ሰማንያ ሰባት ነው። ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውራ ጎዳና ቀያሽ ስለነበረ ጫማውን ወደ ሜትር ለመመንዘር ወረቀትም እርሳስም አያስፈልገውም። በመጣን በሳምንቱ፣ መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጠን፣ "ሃያ ስድስት ሜትር ተኩል" አለኝ። "ወርቅዬ፣ የሰፈርነው ጉድጓድ ውስጥ ነው።"

እሱ ሲቀልድ ነበር። ቀልዱን ያመንኩት እኔ ነኝ። የወርቅውሃ እባላለሁ፣ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ምላሰኛ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝም። በዚህ ነገር ግን ምላሴን የምመዝበት ሌላ ሰው የለም።

አክሊሉ የተወለደው መንዝ፣ መሀል ሜዳ አጠገብ ነው፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ። የሥራ ዘመኑን የጨረሰውም ጣርማ በር ላይ ከገደል ገደል ሲዘል ነው። በሦስት እግር የሚቆመውን መሣሪያውን አፋፍ ላይ ተክሎ፣ ግማሽ ጫማው አየር ላይ ሆኖ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነጣጥር ባልደረቦቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ሰው መንገዳገድ የጀመረው ሱዳን ገዳሪፍ ገብተን ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ሙቀት ውስጥ ተቀመጥን። በፈረንጆቹ 1984 ልጃችን ሸዋረጋ ሳን ሆዜ አስመጣችን። መንገዳገዱም አብሮን መጣ።

እኛ ዘንድ በሽታ አልለቅ ሲል አየር ለውጥ ይባላል። ቆላ የገባ ደገኛ ይከሳል፣ ይነጫነጫል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ወደ ደጋው ሲመልሱት ይድናል። አባቴ አዋሽ በረሃ ወርዶ ታሞ ሲመጣ እናቴ በበቅሎ አንኮበር አውጥታ አድናዋለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የአክሊሉ ሕመም ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም።

ጠዋት ጠዋት መኝታ ቤታችን ውስጥ ወደ ምሥራቅ ግድግዳ ዞሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እግሩን ገጥሞ ይጸልያል። ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ነው የሚያደርሰው፤ ዓይኑን ጨፍኖ። አንድ ቀን ከኋላው ሆኜ ሳይ ወደ ቁም ሳጥኑ ዘመም አለ። ተመለሰ። ደግሞ ዘመም አለ። ተነሣሁና ሁለት ጣቴን ጀርባው ላይ፣ ከትከሻው አጥንት ሥር አሳረፍኩ። አልደገፍኩትም፣ ነካሁት ብቻ። ቀጥ አለ። እስከ መጨረሻው ንቅንቅ ሳይል አደረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሁለት ጣቴ ከጀርባው አልጠፋም። ነጠላው የነካው ይመስለዋል ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር፤ ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ እኔ ከወጥ ቤት እስክመጣ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቃል እንጂ አይጀምርም። አርጅቶ ነገረ ሥራው ሁሉ ቀርፋፋ ሆነ እል ነበር።

ችግሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ እሑድ የሸዋረጋ ባል ይብራህ ኦክላንድ ይወስደናል። አሜሪካኖቹ አገልግሎታቸውን እስኪጨርሱ ደጅ ጠብቀን፣ በተከራየነው ሰዓት እንገባለን። አዳራሹ የእነሱ ቢሆንም ሥርዓቱ የእኛ ነው፤ ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ። እኔ ደግሞ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ጣቴ እዚያ ድረስ አይደርስም። መቋሚያ ገዛንለት። መቋሚያ የሚጠቅመው በየት በኩል እንደሚወድቅ ለሚያውቅ ሰው ነው አለኝ፤ እውነቱን ነበር።

አሜሪካ በገባን በሦስተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ወንጌል ሲነበብ ወደቀ። ፊቱ የቆመው ሰው ጀርባ ላይ ነው የወደቀው፤ አልተጎዳም። ጋሻው የሚባለው፣ ሁሉን የሚያስተናግደው ሰውዬ፣ በመልካም ልቡ የሚታጠፍ ወንበር አመጣና ከመተላለፊያው መሀል ዘርግቶ አስቀመጠው። ቆሞ ከሚያስቀድሰው ሕዝብ ሁሉ አክሊሉ ብቻ ተቀምጦ ታየኝ። ከኋላ አንገቱን ሳየው እንባዬ መጣ፣ ተናደድኩም። ግማሽ መንገድ ላይ ያለችው ፍሪሞንት እስክንደርስ መኪና ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። እዚያ ስንደርስ "ከእንግዲህ አልመጣም" አለ። "ከነወንበሬ ቤቴ እቀመጣለሁ።"

እንዳለውም አደረገ። ሐምሌን ሙሉ እሑድ እሑድ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሲያይ ይውላል። የፍልሰታ በዓል፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ እየቀረበ ነበር። ያቺን በዓል በሕይወቱ ሳያስቀድስ አሳልፏት አያውቅም፤ ገዳሪፍ እንኳ ድንኳን ውስጥ ቆሞ አስቀድሷል። በዚያች ቀን በወንዶቹ በኩል፣ ወንበር ሳይቀርብለት፣ ጣቴም ሳይኖር፣ በእግሩ ቆሞ እንዳየው ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ይብራህ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ተራራ ላይ የእንጨት ቤት አለው። ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ስሰማ ጉዳዩ አለቀ አልኩ። ሸዋረጋ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው ብላ ሙጭጭ አለች። ሚልፒታስ የምትሠራበት ፋብሪካ ሺፍቷን ቀየረላትና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክሊኒክ ወሰደችን።

ዶክተሯ ገና ልጅ ናት። ጫማውን አስወልቃ፣ እግሩን አስገጥማ፣ እጁን ደረቱ ላይ አሳጥፋ አቆመችው። ዓይኑ ተከፍቶ ሳለ እንደ ዘንግ ቆመ፤ ኮራሁ። ከዚያ ጨፍን አለችው። አምስት ሳልቆጥር ወደ ግራ ሄደ፣ ቶሎ ያዘችው። እኔ ሳላውቀው ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር።

ሸዋረጋ የሚባለውን ሁሉ አስተረጎመችልኝ። "እማዬ፣ ሰውን የሚያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው ነው የምትለው። ዓይን፣ ጆሮ ውስጥ ያለ ባላንስ የሚጠብቅ ነገር፣ እና ውስጥ እግር። የአባዬ ጆሯቸውም ውስጥ እግራቸውም ደክሟል። አሁን የቆሙት በዓይናቸው ነው። ሲጨፍኑ የሚይዛቸው ነገር የለም።"

"ስለ ተራራው ጠይቂያት" አልኳት።

ጠየቀቻት። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች፣ ረጅም ነገር ተናገረች። "ቢቀር ይሻላል ትላለች" አለች ሸዋረጋ። "ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ወጣት ሰው እንኳን እዚያ አቁመው ሲለኩት ይወዛወዛል፣ ሽማግሌ ሲሆን ይብሳል፣ በተለይ ፈርስት ሁለት ቀን። ግዴታ ከሆነ መንገድ ላይ ዝቅ ያለ ቦታ እደሩ። ውሃ ብዙ ይጠጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደግሞ በፍጹም እንዳይቆሙ። ሪስክ አለው።"

"የት እንደተወለደ ነገርሻት?"

"ነገርኳት። ከወጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው አለችኝ። አምስት ዓመት አልኳት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውነት ይረሳል፣ አሁን እሳቸው እንደ ማንኛውም የሳን ሆዜ ሰው ናቸው ነው የምትለው።"

ደሜ ፈላ። ስልሳ ስምንት ዓመት ደጋ ላይ የኖረ ሰውነት በአምስት ዓመት ይረሳል? ይህቺ ልጅ መንዝን በካርታ እንኳ አይታው አታውቅም። አክሊሉ ጫማውን እያሰረ ፈገግ አለና "ተያት ወርቅዬ፣ የእሷ ተራራ የተለየ ይሆናል" አለኝ። ፍልሰታ በሳምንቱ እንደሚገባ፣ እሱም በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ እንደማይቀምስ እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልተናገርኩ። ሸዋረጋን አባትሽን ከጾም ልታስወጪው ነው ወይ ብዬ አስቀድሜ አፏን ዘግቼው ነበር።

በፍልሰታ ሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ይብራህ ይዞን ወጣ። ሸዋረጋ ሥራ ላይ ነበረች። ይብራህ የአስመራ ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ጸጥ ያለ። ሜዳውን ጨርሰን ዳገቱ ሲጀምር መስተዋቱ ውስጥ አየኝ።

"እማማ፣ ሸዋረጋ እዚህ ታች ሞቴል ያዝ ብላኛለች። ነገ ጠዋት እንውጣ።"

"አንተ የአስመራ ልጅ ሆነህ ዳገት ትፈራለህ?" አልኩት።

ሳቀ። ሞቴሉን አልፎ ነዳ። ይብራህን በዚህ ማንም እንዲወቅሰው አልፈልግም፤ አማቱ እንዲህ ስትለው ሌላ ምን ያደርጋል?

አክሊሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ታፔላ ያነባል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፊቱ ይፈካል። አንድ ሺህ ሜትር አለ። ጥድ ሲበዛ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አለ። ዛፉ እያጠረ ድንጋዩ እየበዛ ሲመጣ ዝም ብሎ ፈገግ ብሎ ቀረ። የተራራው በር አናት ላይ፣ መንገዱ ወደ ወዲያ መውረድ የሚጀምርበት ቦታ፣ ይብራህን አቁም አለው። ወረደ። እጁን ለማንም ሳይሰጥ፣ ንፋሱ ነጠላውን እያውለበለበው፣ ታፔላው ድረስ ሄዶ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ አራት ጫማ ይላል።

"ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት" ብሎ ጮኸልኝ። "ከአዲስ አበባ በላይ፣ ከእናቴ ቤት በታች።" ቀጥ ብሎ ተመልሶ መጣ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገዳገደም። ዳነልኝ አልኩ። ዓይኑ ተከፍቶ እንደነበር አላሰብኩም።

የእንጨቱ ቤት ከበሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ፤ ማቅለሽለሽም ነበረኝ፤ ለማንም አልነገርኩም። እሱም ሽሮውን ጥቂት ቀምሶ ገፋው። ደክሞኛል አለና ገና ሳይመሽ ተኛ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። ይብራህ ገና ተኝቷል። አክሊሉ ፊቱን ታጥቦ ነጠላውን አጣፋና "ዛሬ ደጅ ነው የማደርሰው" አለኝ። ከቤቱ በረንዳ ሦስት ደረጃ ሲወርዱ ድንጋይ ነው። በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ዞሮ ቆመ። እግሩን ገጠመ። እንደ ልማዱ ዓይኑን አፍጥጦ ጠበቀ። እኔ ከቤት ወጥቼ ከኋላው ስደርስ ሳንቃው ከእግሬ ሥር ሲጥ አለ። ያኔ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ።

እጄን አንሥቼ ነበር። ጀርባው ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው አቆምኩት። በስምንተኛው ቀን በዓሉ ነው፤ ወንዶቹ በኩል ደግሞ እኔ የለሁም። ዛሬ ካላየሁ መቼ ላየው ነው? ትናንት እንዲያ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቼዋለሁ። እስኪ ልየው አልኩ። ጣቴን ወደ ራሴ መለስኩና መቁጠር ጀመርኩ።

አምስት አለፈ፤ ዶክተሯ ዘንድ የወደቀበት ነው። ደስ አለኝ፤ ሳልዋሽ ልናገር፣ ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስድስት ላይ ወደ ፊት ዘመም አለ። ይመለሳል አልኩ። ሁልጊዜ ዘመም ብሎ ይመለሳል። ሰባት ላይ አልተመለሰም። ዘልዬ ስይዘው እጄ የገባው ነጠላው ነው። እሱ ሦስቱንም ደረጃ አልፎ ድንጋዩ ላይ በጎኑ ወደቀ፤ እኔ ነጠላ ይዤ በረንዳ ላይ ቀረሁ።

ዳሌው ነው የተሰበረው። ይብራህ እየጮኸ ወጣ፣ ስልክ ያለበት ድረስ ነዳ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ቆየን። አክሊሉ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃ ባቀርብለት ገና ነው ብሎ ፊቱን አዞረ። ታች ከተማው ሆስፒታል ተወሰደ፣ ከዚያም ሳን ሆዜ። ቀዶ ጥገና አደረጉለት።

ሸዋረጋ ከነሥራ ልብሷ እየሮጠች ስትመጣ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ "ድንጋይ አንሸራተተኝ" አላት። ለሐኪሞቹም እንዲሁ አለ። ይብራህም እንዲሁ ያውቃል። ምላሰኛዋ እኔ ዝም አልኩ።

የፍልሰታ ዕለት ሸዋረጋና ይብራህ ኦክላንድ ሄዱ፤ እኔ አልጋው አጠገብ ቀረሁ። ቅዳሴው በሚገባበት ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ወደ እኔ ዞረ።

"ያን ጠዋት ጣቶችሽ የት ሄደው ነው?" አለኝ።

አልገባኝም ለማለት አስቤ ነበር። አልቻልኩም። "ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"ሁለት ዓመት ሙሉ። ኮቴሽን ሳልሰማ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም።"

ስጠብቅሽ ነው ቀርፋፋ ያልሽኝ ማለቱ ነበር። ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። "ልሞክርህ ብዬ ነው" አልኩት። "ለዛሬ ብቻህን ትቆም እንደሆነ ልየው ብዬ። ትድን ይሆናል ብዬ ነው አክሊሉ።"

ከዚያ "ብትነግሪኝ ዓይኔን አልጨፍንም ነበር" አለኝ።

ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ አርባ አራት ዓመት ለቁጣው መልስ አጥቼ አላውቅም። እሱ ግን ሥራ ላይ አንድ ጥፍር የምታህል ስሕተት ሲያገኝ እንደሚናገረው ነው የተናገረው፤ ምክንያቱ ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው እንደማለት። ከዚያ እጁን ከአንሶላው አወጣና እጄ ላይ አኖረው። ስለዚያ ጠዋት ዳግመኛ አላነሣብኝም።

ያቺ ልጅ ዶክተር ልክ ነበረች። ሰውነቱ ረስቶ ነበር፤ መንዝን ረስቶ፣ ጣርማ በርን ረስቶ፣ የሳን ሆዜ ሰው ሆኖ ነበር። የሚያቆመው ዓይኑና ጣቴ ብቻ ነበሩ። ዓይኑን ጣቴን አምኖ ጨፈነው፣ ጣቴን ደግሞ እኔ ወሰድኩበት። ይህን ለሸዋረጋ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እንድናገር አልፈቀደልኝም፤ ድንጋይ ብሎ ዘጋው።

ዳግመኛ በእግሩ አልቆመም። በጥቅምት መጀመሪያ የሳንባ ምች ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን አረፈ።

ፍትሐቱ የተደረገው ኦክላንድ፣ በዚያው አዳራሽ ነው። ሳጥኑን አምጥተው መተላለፊያው መሀል፣ ሰኔ ላይ ወንበሩ የተዘረጋለት ቦታ አኖሩት። እኔ በሴቶቹ በኩል አልሄድኩም። ከሳጥኑ ጋር ተከትዬ ገብቼ በራስጌው በኩል፣ ወንዶቹ መሀል ቆምኩ። ያን ቀን ማንም ተመለሽ አላለኝም። ጋሻው የሚታጠፈውን ወንበር ይዞ መጣና "እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ" አለኝ በጆሮዬ። አልተቀመጥኩም። ሁለት ጣቴን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ አላነሣሁም።